ከጣሪያው አንቴና እስከ ቧንቧው ማግኔት፦ በሕዋሳችን ውስጥ ያለውን ውሃ የሚነካው ምንድን ነው?



ሰሞኑን አንዲት እናት ወደ ጣቢያችን ደውለው ነበር። በሚኖሩበት ሕንፃ ጣሪያ ላይ የሞባይል አንቴና ሊተከል ነው። ኩባንያው ለጣሪያው ኪራይ ስለሚከፍል ቫዓድ ባይቱ ለሁለት ተከፍሏል። ይህ በየከተማው የሚሰማ ክርክር ነው። የእሳቸው ጥያቄ ግን ሌላ ነበር። ወሬውን የሰማ አንድ ሻጭ በራቸውን አንኳኩቶ፣ «የአንቴናው ክሪና በሕዋስዎ ውስጥ ያለውን ውሃ ያደርቀዋል፤ ጉልበትዎ የሚደክመውም ራስዎ የሚዞረውም ከዚህ ነው» ይላቸዋል። ቀጥሎም ቧንቧ ላይ የሚታሰር ማግኔት ያወጣል። ዋጋው የቢቱዋሕ ለኡሚ አበላቸውን ግማሽ ይወስዳል። ይባስ ብሎ፣ «በማግኔቱ ያለፈውን ውሃ ከጠጡ ሽንት የሚያስወጣውን ኪኒን መተው ይችላሉ» አላቸው። እኚህ እናት የደም ግፊት ሕመምተኛ ናቸው።

«እውነት አለው ወይ?» ብለው ጠየቁን። ሰውየው ከሜዳ ተነስቶ አልተናገረም፤ ከአንድ እውነተኛ የምርምር ጥያቄ ጫፉን ይዞ ነው። ስለዚህ ከጥያቄው እንጀምር።

የአዋቂ ሰው ክብደት 60 በመቶ ያህሉ ውሃ ነው፤ ዕድሜ ሲገፋ ወደ 50 በመቶ ይጠጋል። ከዚህ ውሃ ሁለት ሦስተኛው የሚገኘው በሕዋሳት ውስጥ ነው። በአርመን ዋና ከተማ በየሬቫን ሲነሪክ አይራፔትያን የሚባሉ ተመራማሪ ለብዙ ዓመታት አንድ ሐሳብ ሲያራምዱ ቆይተዋል። ሐሳባቸው ሕዋስ ደካማ የማግኔትና የኤሌክትሪክ ሞገድን የሚያውቀው በውስጡ ባለው ውሃ ነው የሚል ነው። የቀንድ አውጣ ነርቮችንና የአይጦችን አካል ለሞገድ ካጋለጡ በኋላ ይመዝናሉ፣ ያደርቃሉ፣ ደግመው ይመዝናሉ። ልዩነቱ በሕዋሱ ውስጥ የነበረው ውሃ ነው ማለት ነው።

ሥራው የሚናቅ አይደለም። ችግሩ የሚለካው ልዩነት ትንሽ መሆኑ ነው። የክፍሉ ሙቀት ትንሽ ከተለወጠ፣ ሥጋው ሚዛን ላይ እስኪወጣ ጥቂት ከቆየ፣ ቁጥሩ ይዛባል። ስለዚህ መዛኙ የትኛው ለሞገድ እንደተጋለጠ፣ የትኛው እንዳልተጋለጠ ሳያውቅ መመዘን አለበት፤ ሌሎች ቤተ ሙከራዎችም ደግመው ያንኑ ውጤት ማግኘት አለባቸው። ይህ ሳይሟላ በአይጥ ላይ ከታየ ነገር ተነስቶ ለሰው መድኃኒት መሸጥ አይቻልም።

ይህ ጥንቃቄ ለምን እንደሚያስፈልግ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። በ1988 ዓ.ም (እንደ አውሮፓውያን) ዣክ ቤንቬኒስት የተባሉ ፈረንሳዊ ሐኪም ውሃ በውስጡ የነበረውን ነገር «ያስታውሳል» የሚል ጽሑፍ ኔቸር በተባለው ታዋቂ የሳይንስ መጽሔት ላይ አወጡ። ዓለም ጉድ አለ። የመጽሔቱ ዋና አዘጋጅ ጆን ማዶክስ ግን አንድ የማጭበርበር መርማሪና ጄምስ ራንዲ የተባለ አስማተኛ ይዘው ወደ ቤተ ሙከራው ሄዱ። አስማተኛ የተወሰደው የእጅን ብልጠት ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ ስለሌለ ነው። ብልቃጦቹን በምስጢር ቁጥር ምልክት አደረጉና ቁጥሩን በፖስታ አሽገው ጣሪያ ላይ ለጠፉት። ሠራተኞቹ የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳያውቁ ሲለኩ ተአምሩ ጠፋ። ማንም ዋሽቷል ማለት አይደለም፤ የሚፈልገውን የሚያውቅ ዓይን የሚፈልገውን ያያል።

የፊዚክስ ባለሙያዎችም ሌላ ጥያቄ ያነሳሉ። በሰውነታችን ሙቀት የውሃ ቅንጣቶች ያለማቋረጥ ይጋጫሉ፣ ይላተማሉ። ደካማ ሞገድ የሚያመጣው ግፊት ከዚህ ትርምስ በጣም ያነሰ ነው። ሰርግ ቤት ከበሮ እየተመታ፣ እልልታው እየቀለጠ፣ ከአዳራሹ ማዶ ያለ ሰው ሹክ ቢላችሁ ትሰማላችሁ? ጥያቄው እንዲህ ነው። ጠንካራ ሞገድ ሲሆን ነገሩ ይለያል፤ ማይክሮጋል ምግብ የሚያሞቀው በምግቡ ውስጥ ያለውን ውሃ እያናወጠ ነው። የዓለም አቀፉ የጨረር ጥበቃ ኮሚሽን ወሰን የተሠራው ይህን ማሞቅ ለመከላከል ነው። ለሕዝብ የተፈቀደው መጠን ለመላው አካል ጉዳት ሊጀምር ይችላል ከተባለው በ50 እጥፍ ያነሰ ነው። እስራኤል ደግሞ በ2006 ባወጣችው ሕግ መሠረት አንቴና ያለ አካባቢ ጥበቃ ሚኒስቴር ፈቃድ አይተከልም፤ ሰው ዘወትር በሚኖርበት ቦታም ከዓለም አቀፉ ወሰን 10 በመቶ ብቻ ነው የሚፈቀደው።

ታዲያ የሚያሳስብ ነገር የለም ማለት ነው? እንዲህም አልልም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2011 የሞባይል ሞገድን «ካንሰር ሊያስከትል ይችላል» በሚባለው ምድብ ውስጥ አስገብቶታል። በዚህ በእኛ አገር በ2008 የታተመ ጥናትም ስልክ በጣም የሚያበዙ ሰዎች ላይ ከጆሮ ግርጌ ባለው የምራቅ ዕጢ እብጠት መብዛቱን አሳይቷል። በሌላ በኩል የዓለም ጤና ድርጅት ያስጠናው በ2024 የወጣ ግምገማ 63 ጥናቶችን መርምሮ በሞባይልና በአንጎል ካንሰር መካከል ግንኙነት አላገኘም። ብዙ ሰው የማያስተውለው ደግሞ ከጣሪያው አንቴና ይልቅ ጆሮ ላይ የተለጠፈው ስልክ የበለጠ እንደሚያጋልጥ ነው። አውታር ሲደክም ስልኩ ኃይሉን ይጨምራል። ስፒከር ከፍቶ ማውራት ዋጋ የለውም፣ ይጠቅማል።

የማግኔት እውነተኛ አደጋ ሌላ ቦታ ነው፤ ስለዚህ ማንም አንኳክቶ አይነግራችሁም። ደረታችሁ ውስጥ ኮጼቭ ሌቭ ወይም ዲፊብሪላተር ያላችሁ፣ ስልክ በሸሚዝ ኪስ አትያዙ። በ2021 የአሜሪካ ሐኪሞች አይፎን 12 ውስጥ ያለው ማግኔት ደረት ላይ ሲጠጋ መሣሪያውን ሊያግደው እንደሚችል አሳይተዋል። የሚመከረው ርቀት 15 ሳንቲሜትር ነው፤ ስንዝር አይሞላም።

ወደ ኪኒኑ ልመለስ፤ በጣም ያስደነገጠኝ እሱ ነውና። በሕዋስ ውስጥ ያለውን ውሃ ዋናው የሚያዘው ጨው ነው። እያንዳንዱ ሕዋስ ሦስት የሶዲየም ቅንጣት እያስወጣ ሁለት የፖታሲየም የሚያስገባ ፓምፕ አለው። ይህን ፓምፕ ያገኙት ዴንማርካዊው የንስ ስኮ በ1997 ኖቤል ተሸልመዋል። በደም ውስጥ ያለው ሶዲየም በጣም ሲወርድ ውሃ ወደ ሕዋሳት ይገባል፤ አንጎል ያብጣል፣ ሰው ይደናገራል፣ ይወድቃል። ሽንት የሚያስወጡ ኪኒኖች ይህን ሊያመጡ ስለሚችሉ ነው ሐኪሙ ደም የሚያስመረምረው። ኪኒኑን በገዛ እጅ ማቆምም ግፊቱን ያሻቅበዋል፤ ልቡ የደከመ ሰው ደግሞ ውሃ ሳንባው ላይ ይቋጠርበታል። በእርጅና የጥማት ስሜት ስለሚደክም በሻራቭ ቀን ሳይጠማንም መጠጣት አለብን፤ ልቡ ወይም ኩላሊቱ የታመመ ግን መጠኑን ከሐኪሙ ይጠይቅ። የራስ መዞሩ ምክንያትም ከዚህ ሊሆን ስለሚችል እኚያን እናት ወደ ኩፓት ሖሊም ሐኪማቸው እንዲሄዱ ነግረናቸዋል።

ዕቃውን ገዝተውት ነበር። ቤት ለቤት ወይም በስልክ ለተደረገ ሽያጭ፣ ከሻጩ ጋር ንግግር ከነበረ፣ 65 ዓመት የሞላው ሰው ውሉን በ4 ወር ውስጥ መሰረዝ እንደሚችል የእስራኤል የሸማቾች ጥበቃ ሕግ ይፈቅዳል። አዲስ ገቢዎችም በመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት ይህ መብት አላቸው። ልጃቸው በዕብራይስጥ የስረዛ ደብዳቤ ጽፋላቸዋለች። የቫዓድ ባይቱ ስብሰባ ገና ነው፤ በአካባቢያችሁ ያሉ አንቴናዎችና የተለካው መጠን በሚኒስቴሩ ድረ ገጽ ላይ ስለሚወጣ፣ ከስብሰባው በፊት አንዱን የልጅ ልጅ አስከፍታችሁ አስነብቡ።