የጎማ ንፋስ ልኬት ትክክለኛነት፦ ለመንገድ ደኅንነትና ለባለንብረቱ ወጪ ያለው ፋይዳ

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኢትዮጵያ የተሽከርካሪ ዘርፍ ሁለት ዐበይት ለውጦች ታይተዋል። አንደኛው በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር ውስጥ እንዳይገቡ መወሰኑና የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች ቁጥር እየጨመረ መምጣቱ ነው። ሁለተኛው በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን በመደረጉ እንደ ጎማ ያሉ ከውጭ የሚገቡ ዕቃዎች በብር ሲተመኑ ዋጋቸው መጨመሩ ነው። እነዚህ ለውጦች ብዙ አሽከርካሪ እንደ ቀላል ነገር የሚያየውን የጎማ ንፋስ ልኬት ከፍ ያለ ክብደት ሰጥተውታል። ያለጊዜው የሚያልቅ ጎማ ዛሬ ለባለንብረቱ ከባድ ወጪ ነው፤ በፍጥነት ላይ ሳለ የሚፈነዳ ጎማ ደግሞ ለተሳፋሪውና ለእግረኛው የሕይወት ጉዳይ ነው።

ንፋስ ያነሰው ጎማ ጎኑ በየዙሩ ስለሚታጠፍ ከውስጥ ይግላል። በረጅም ጉዞ፣ በከባድ ጭነትና በሞቃት አስፋልት ላይ ሙቀቱ እየጨመረ ሲሄድ የጎማው ንብርብሮች ይላቀቃሉ፤ ፍንዳታም ይከተላል። ንፋስ የበዛበት ጎማ በበኩሉ መሐሉ ቶሎ ይበላል፣ መንገድ የመያዝ ዐቅሙ ይቀንሳል፣ ጉድጓድ ሲያገኘውም በቀላሉ ይጎዳል። የነዳጅ ፍጆታም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። የአሜሪካ የኢነርጂ ሚኒስቴር መረጃ እንደሚያሳየው የሁሉም ጎማዎች ንፋስ በአማካይ በ1 ፒ.ኤስ.አይ ሲቀንስ የነዳጅ ቁጠባው በ0.2 በመቶ ገደማ ይወርዳል። በኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ላይ ደግሞ ጉዳቱ በአንድ ቻርጅ የሚኬደው ርቀት በማጠሩ ይታያል።

ትክክለኛው ልክ የት ይገኛል?

በብዙ ጎሚስታዎች ዘንድ ለአውቶሞቢል ሁሉ አንድ ዓይነት መጠን የመሙላት ልማድ አለ። አንዳንድ ባለንብረቶችም በጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን ቁጥር እንደ ትክክለኛ ልክ ይወስዳሉ። ይሁን እንጂ በጎማው ላይ የሚገኘው ቁጥር ጎማው ሊሸከም የሚችለውን ከፍተኛ መጠን የሚገልጽ እንጂ ለተሽከርካሪው የተመከረውን አይደለም። የተመከረው መጠን የሚገኘው አምራቹ በሾፌሩ በር ማዕዘን ላይ በለጠፈው ሠንጠረዥ ወይም በመመሪያ መጽሐፉ ላይ ነው። ሠንጠረዡ ለፊትና ለኋላ ጎማ፣ ለባዶና ለሙሉ ጭነት የተለያየ መጠን ሊያሳይ ስለሚችል ሙሉውን ማንበብ ያስፈልጋል።

ከተለያዩ ሀገራት የሚገቡ ተሽከርካሪዎች የተለያየ የመለኪያ አሃድ ይጠቀማሉ። ይህም የስሕተት ምንጭ ሆኗል። 1 ባር 100 ኪሎፓስካል ወይም 14.5 ፒ.ኤስ.አይ ነው። ስለዚህ 220 ኪሎፓስካል የሚል ሠንጠረዥ ወደ 32 ፒ.ኤስ.አይ፣ 250 ኪሎፓስካል የሚል ደግሞ ወደ 36 ፒ.ኤስ.አይ ማለት ነው። የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች በባትሪያቸው ምክንያት ተመሳሳይ መጠን ካላቸው የነዳጅ ተሽከርካሪዎች ስለሚከብዱ ብዙውን ጊዜ ከፍ ያለ ንፋስ ይጠይቃሉ። ለቀድሞው አውቶሞቢል ይሞላ የነበረውን መጠን ለአዲሱ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ መስጠት ጎማውን ያለጊዜው ማስረጀት ይሆናል።

መቼ ይለካል?

በአምራቹ ሠንጠረዥ ላይ ያለው ቁጥር የሚሠራው ለቀዝቃዛ ጎማ ነው። ቀዝቃዛ የሚባለው ተሽከርካሪው ቢያንስ ለ3 ሰዓት የቆመ ወይም ከ1.5 ኪሎ ሜትር ያልበለጠ መንገድ በዝግታ የተጓዘ ሲሆን ነው። ጎማ በጉዞ ሲግል በውስጡ ያለው አየር ስለሚሰፋ ልኬቱ ከፍ ይላል፤ በአውቶሞቢል ላይ ከ4 እስከ 6 ፒ.ኤስ.አይ ሊጨምር ይችላል። ስለሆነም የጋለ ጎማ ተለክቶ “ልክ ነው” ሲባል በርግጥ ንፋስ የጎደለው ሊሆን ይችላል። የጋለ ጎማ ከፍ ያለ ልኬት ስላሳየ ንፋስ ማውጣት ደግሞ ይበልጥ አደገኛ ነው፤ ጎማው ሲቀዘቅዝ ከተመከረው በታች ይወርዳልና።

ቀኑን ሙሉ በሥራ ላይ ለሚውሉ ታክሲዎችና ሚኒባሶች አመቺው ሰዓት ከመጀመሪያው ምልልስ በፊት ያለው ማለዳ ነው። ጎሚስታው ከቤት ርቆ ለሚገኝ ባለንብረት ደግሞ የሚከተለው ዘዴ ያገለግላል። ጎማው በቤት ሳለ በእጅ መለኪያ ይለካል፤ የጎደለውም ይመዘገባል። ለምሳሌ የተመከረው 32 ሆኖ የተለካው 27 ቢሆን ጉድለቱ 5 ነው። ጎሚስታው ዘንድ ሲደረስ ጎማው ግሎ 30 ቢያሳይ እስከ 32 ሳይሆን እስከ 35 መሙላት ይገባል። በማግስቱ ማለዳ ዳግም በመለካት ውጤቱን ማረጋገጥ ይቻላል።

ከደጋ ወደ ቆላ

የኢትዮጵያ መልክዐ ምድር በልኬት ላይ የራሱ ተጽዕኖ አለው። መለኪያ የሚያሳየው በጎማው ውስጥ ያለው ግፊት ከአካባቢው የአየር ግፊት ምን ያህል እንደሚበልጥ ነው። በባሕር ጠለል ላይ የአየሩ ግፊት 14.7 ፒ.ኤስ.አይ ገደማ ሲሆን ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት አዲስ አበባ 11 ያህል ብቻ ነው። በአዲስ አበባ 32 ፒ.ኤስ.አይ የተሞላ ጎማ ሙቀቱ ሳይለወጥ ጅቡቲ ቢደርስ 28 ገደማ ያሳያል። በተጨባጭ ግን ቆላው ሞቃት ነው። በአዲስ አበባ በ15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ተሞልቶ በጅቡቲ በ35 ዲግሪ ቀዝቅዞ ቢለካ ልኬቱ ወደ 31 ይጠጋል። ለአውቶሞቢል የከፍታውና የሙቀቱ ተጽዕኖ እርስ በርሱ ይጣፋል ለማለት ይቻላል።

ለከባድ ተሽከርካሪ ስሌቱ ይለያል። በዚያው ሁኔታ 120 ፒ.ኤስ.አይ የተሞላ የጭነት ጎማ ወደ 125 ከፍ ይላል፤ በጉዞ የሚፈጠረው ሙቀት ሲታከልበትም ልኬቱ ይበልጥ ይጨምራል። አዋሽንና ሚሌን አቋርጦ በጋላፊ በኩል በሚያልፈው የጅቡቲ መንገድ ላይ አንዳንድ አሽከርካሪዎች ይህን ጭማሪ አይተው ንፋስ ያስተነፍሳሉ። ጭማሪው ግን አምራቾች አስቀድመው ያሰሉት ነው። ንፋሱ ሲወጣ ጎማው ይበልጥ ይታጠፋል፣ ይበልጥም ይግላል፤ የተፈራው ፍንዳታ የሚመጣውም በዚህ መንገድ ነው። ትክክለኛው እርምጃ ከመነሻ በፊት በቀዝቃዛው መለካት፣ በአዳር ቦታም ማለዳ ደግሞ መለካት ነው።

የጭነት ተሽከርካሪን ጎማ በእግር ረግጦ ወይም በመዶሻ መትቶ መገመት ልኬትን አይተካም። ጥንድ ሆነው ከሚሠሩ የኋላ ጎማዎች የውስጠኛው ለእጅ ስለማይመች ብዙ ጊዜ ሳይለካ ያልፋል። የአንዱ ንፋስ ሲጎድል ጭነቱ በሌላው ላይ ስለሚያርፍ ሁለቱም ይጎዳሉ። ንፋሱ ከተመከረው በ20 በመቶና ከዚያ በላይ ጎድሎ የተጓዘ የጭነት ጎማ ከቸርኬው ወጥቶ ውስጡ ሳይመረመር ዳግም መሞላት የለበትም።

መለኪያው ራሱ ይታመናል?

በየጎሚስታው የሚገኘው መለኪያ በየቀኑ ይወድቃል፣ አቧራና እርጥበት ይገባበታል፣ ቀስቱም ከዜሮ ይስታል። ባለንብረቱ በቀላሉ ሊያደርገው የሚችለው ነገር ቢኖር አስቀድሞ ቀስቱ ዜሮ ላይ መሆኑን ማየት፣ ከዚያም አንዱን ጎማ በራሱ መለኪያና በጎሚስታው መለኪያ በተከታታይ መለካት ነው። ልዩነቱ ከ2 ፒ.ኤስ.አይ ከበለጠ በሦስተኛ መለኪያ ማረጋገጥ ይገባል። ሲለካ የመለኪያው አፍ በቫልቩ ላይ ቀጥ ብሎ መቀመጥ አለበት፤ የሚያፏጭ ድምፅ ከተሰማ አየር እያመለጠ ስለሆነ ልኬቱ ዝቅ ብሎ ይነበባል። ሁለት ጊዜ ለክቶ ተመሳሳይ ውጤት ማግኘት ጥሩ ማረጋገጫ ነው። የቫልቩ ክዳንም ጭቃና አቧራ ስለሚከላከል መጥፋት የለበትም።

በዳሽቦርድ ላይ የሚበራው የጎማ ንፋስ ማስጠንቀቂያም በእጅ መለካትን አያስቀርም። በአሜሪካ ደንብ መሠረት የተሠሩ ተሽከርካሪዎች የሚያስጠነቅቁት ንፋሱ ከተመከረው በ25 በመቶ ሲጎድል ነው። የተመከረው 32 ከሆነ መብራቱ ላይበራ ጎማው እስከ 24 ሊወርድ ይችላል። በቸርኬው ውስጥ የሚተከለው ሴንሰር ጎማ ሲፈታ ሊሰበር ስለሚችል ባለንብረቱ ለጎሚስታው አስቀድሞ ቢነግር ይመረጣል።

ዓመታዊ ምርመራና የባለንብረቱ ድርሻ

ብዙ ባለንብረቶች ተሽከርካሪያቸው ዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራ አልፎ ቦሎ ከተለጠፈበት በኋላ ጎማቸው ለዓመቱ እንደተረጋገጠ ያስባሉ። የጎማ ንፋስ ግን ጤነኛ በሆነ ጎማ ላይ እንኳ በወር 1 ፒ.ኤስ.አይ ያህል ይቀንሳል። በምርመራው ዕለት ልክ የነበረ ጎማ ከስድስት ወር በኋላ አደገኛ ሊሆን ይችላል። ምርመራው የጎማውን አካላዊ ይዞታ በዓመት አንድ ጊዜ ያያል፤ በመካከል ያሉት ወራት በባለንብረቱና በአሽከርካሪው እጅ ናቸው።

ስለዚህ አውቶሞቢል ያለው ቢያንስ በወር አንድ ጊዜና ከረጅም ጉዞ በፊት፣ የሕዝብ ማመላለሻና የጭነት አሽከርካሪ ደግሞ በየዕለቱ ከመነሻ በፊት መጠባበቂያውን ጎማ ጨምሮ ሁሉንም ጎማዎች ቢለካ ይመከራል። አንድ ጎማ ከሌሎቹ በተደጋጋሚ የሚያንስ ከሆነ ችግሩ በመሙላት የሚፈታ አይደለም፤ ሚስማር፣ የላላ ቫልቭ ወይም የተጣመመ ቸርኬ ሊኖር ስለሚችል ለጎሚስታ ማሳየት ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ የሚወስደው ጥቂት ደቂቃ ነው። የሚታደገው ግን ጎማን ብቻ ሳይሆን በተሽከርካሪው ውስጥና በመንገዱ ዳር ያሉትን ሰዎች ጭምር ነው።