ቆራሌው በኪሎ፣ ሰብሳቢው በሚሊሜትር

ባለፈው ክረምት ከአንድ የማውቃቸው አዛውንት ጋር ግቢያቸው ውስጥ ተቀምጠን ሳለ ቆራሌ በበር አለፈ። ጠሩትና ከማድ ቤቱ ግድግዳ የተደገፈ አንድ ብስክሌት አሳዩት። ሌኛኖ የሚባለው የኢጣሊያ ሥሪት የእሽቅድምድም ብስክሌት ነው። አረንጓዴ ቀለሙ ተላልጧል፤ ጎማውና ካለመዳሪው ከጥቅም ውጭ ሆኗል፤ አንድ ፔዳልም ጎድሎታል። ቆራሌው ብድግ አድርጎ በእጁ መዘነውና የአንድ ምሳ ዋጋ የማይሞላ ገንዘብ ጠራ። አዛውንቱ እምቢ አሉ።

በሳምንቱ ወሬውን የሰማ አንድ ደላላ መጣ። እሱ ደግሞ ብስክሌቱን አልፈለገም። ተንበርክኮ የኋላውን ማርሽ መቀየሪያ በአውራ ጣቱ ጠረገ፤ ካምፓኞሎ የሚለውን ስም ካነበበ በኋላ ለዚያች ቁራጭ ብቻ፣ ቆራሌው ለሙሉው ብስክሌት ከጠራው ዐሥር እጥፍ እንደሚከፍል ተናገረ።

«አንተ ኢኮኖሚክስ ተምረሃል» አሉኝ አዛውንቱ፤ «ከሁለቱ ሊያታልለኝ የመጣው የትኛው ነው?»

ጥያቄው ለዚህ ገጽ የሚገባ ጥያቄ ነው። ቆራሌው አላታለላቸውም። የሚያውቀው የብረት ዋጋ ነው፤ እሱንም ነገራቸው። ደላላው ግን የሚያውቀውን አልነገራቸውም።

ጆርጅ አከርሎፍ የተባሉት አሜሪካዊ የኢኮኖሚክስ ሊቅ በ1970 (በዚህ ጽሑፍ ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ስለ አሮጌ መኪና ገበያ አንድ ጽሑፍ አሳትመው ነበር። ሻጭ የመኪናውን ጉድ ያውቃል፤ ገዢ አያውቅም። በዚህም የተነሳ ገዢ ሁሉንም መኪና በጥርጣሬ ዓይን እያየ ዋጋ ይሰብራል፤ ደህና መኪና ያለው ሰውም በዚያ ዋጋ ከመሸጥ ይቅርብኝ ብሎ ከገበያ ይወጣል። የጥንት ብስክሌት ገበያ የዚህ ግልባጭ ነው። እዚህ አዋቂው ገዢው ነው። ባለንብረቱ አባቱ ወይም ባሏ የተዉትን ብረት ከጓዳ አውጥቶ የሚያቀርብ ሰው ስለሆነ፣ ደህናው ዕቃ ከገበያ አይሸሽም፤ በርካሽ ይሄዳል እንጂ።

ለመሆኑ ያን የዛገ ቁራጭ ማን ይፈልገዋል? ፈላጊዎቹ በኢጣሊያ፣ በእንግሊዝ፣ በጃፓንና በአሜሪካ ያሉ ሰብሳቢዎች ናቸው። ፍላጎታቸውን ካናሩት ነገሮች አንዱ አንድ ደንብ ነው። በ1997 በኢጣሊያ ቶስካና ውስጥ፣ ጋዮሌ ኢን ኪያንቲ በምትባል ትንሽ ከተማ ሌሮይካ የሚባል የብስክሌት ጉዞ ተጀመረ። መጀመሪያ መቶ የማይሞሉ ሰዎች ነበሩ፤ በኋላ በሺዎች የሚቆጠሩ ሆኑ፤ በ2013 ጃፓን፣ በ2014 እንግሊዝ፣ በ2015 ካሊፎርኒያ የራሳቸውን ጉዞ በዚሁ ስም አዘጋጁ። ደንቡ አጭር ነው። ብስክሌቱ ከ1987 በፊት የተሠራ የእሽቅድምድም ብስክሌት ይሁን፤ የማርሹ መቀየሪያ እጀታ ከፍሬሙ ቱቦ ላይ ይሁን፤ የፍሬኑ ሽቦ ከመሪው ውጭ ይለፍ፤ ፔዳሉም ባለ ማሰሪያ ይሁን ይላል።

ነጋዴ የሆነ ሰው ይህን ደንብ ሁለት ጊዜ ቢያነበው አይከፋም። አቅርቦቱን በ1987 ዘግቶ ፍላጎቱን ክፍት የተወ ደንብ ነው። በ1984 የጃፓኑ ሺማኖ እየቆጠረ የሚቀይር ማርሽ፣ የፈረንሳዩ ሉክ ደግሞ ጫማ የሚነክስ ፔዳል ሲያወጡ፣ የቀድሞው ዕቃ ባንድ ጊዜ አሮጌ ተባለ። በርናር ኢኖ በ1985 የፈረንሳይን ዙር ያሸነፈው በዚሁ በአዲሱ ፔዳል ነበር። ያኔ ስንቱ ደህና ዕቃ ወደ ቆሻሻ ተወረወረ! ዛሬ የሚፈለገው ያ ነው።

ይሁን እንጂ በዚህ ገበያ የሚነገደው ብረት ብቻ አይደለም፤ ልክ ነው። የፔዳሉ አክስል የሚያልፍበትን፣ በፍሬሙ ግርጌ ያለውን ቀፎ እንውሰድ። በኢጣሊያ ልክ 36 ሚሊሜትር፣ በፈረንሳይ 35 ሚሊሜትር ነው፤ በእንግሊዝ 1.37 ኢንች ሲሆን ይህም 34.8 ሚሊሜትር ገደማ መሆኑ ነው። የኢጣሊያውና የፈረንሳዩ በሁለቱም ወገን ወደ ቀኝ ሲዞር ይጠብቃል፤ የእንግሊዙ ግን በካቴናው ወገን ወደ ግራ ነው። የእንግሊዙና የፈረንሳዩ ልዩነት ሁለት ዐሥረኛ ሚሊሜትር ያህል ስለሆነ በዓይን አይለይም። ይህን ያላወቀ ሰው በቁልፍ ታግሎ ሲያስገባ የቀፎውን ጥርስ ይበላዋል፤ ስንት ዓመት የኖረ ፍሬም በአንድ ከሰዓት ይበላሻል። የኮርቻው ዘንግም እንዲሁ ነው። 27.2 ሚሊሜትር በሚፈልግ ፍሬም 27.0 የገባ እንደሆነ ቦልቱን ሲያጠብቁት የፍሬሙ ጆሮ ይጣመማል። የኋላው ሞዞ ስፋትም በዘመኑ ይለያያል፤ ባለ አምስት ጥርስ 120፣ ባለ ስድስት ጥርስ 126 ሚሊሜትር በሚያህል ቦታ ይገባል።

(እግረ መንገዴን ላንሳው፤ የኛ ጋራዥ ሰው ይህን ገበያ ለመረዳት ከማንም ይልቅ የቀረበ ነው። ካቴና፣ ቸርኬ፣ ሞዞ፣ ኩሽኔታ፣ ዳዶ እያለ የሚጣራው ሁሉ ከኢጣሊያ አፍ የወሰደው ነው። የሚጎድለው መለኪያው ብቻ ነው።)

ዋጋውም ቢሆን እንደሚገመተው አይሄድም። ብዙ ሰው ፍሬም ትልቅ ስለሆነ ትልቅ ገንዘብ ያወጣል ብሎ ያስባል። ፍሬም ግን እንደ ልብስ በቁመት የሚሸጥ ነው፤ ለረጅምም ላጭርም ሰው የሚሆነው ፍሬም ገዢው ጥቂት ነው፤ መጫኛውም ውድ ነው። በአንጻሩ በፍሬን እጀታ ላይ የሚለበሰው ጎማ አለ። የካምፓኞሎ ስም የታተመበት የድሮው ጎማ በፀሐይና በላብ ስለሚያልቅ፣ ከብረቱ እጀታ ይልቅ እሱ ብርቅ ሆኗል፤ አስመስሎ የሚሠራለትም ተገኝቷል። ማለቂያ ያለው ዕቃ ነው የሚወደደው። ብረቱስ ቢሆን አይታመንም። በ1970ዎቹ የነበረው የካምፓኞሎ ፔዳል ክንድ፣ ባለ አምስቱ ጣት ከክንዱ በሚጋጠምበት ማዕዘን ላይ እንደሚሰነጠቅ ሰብሳቢ ሁሉ ያውቃል። ሳይፈትሽ የገዛ ሰው ሲወጣ ሲወርድ የሚሰበር ዕቃ ገዝቷል ማለት ነው።

ስለዚህ ይህን ያነበበ ሁሉ ነገ ምናለሽ ተራ ሄዶ ያገኘውን አሮጌ ብስክሌት ይሰብስብ እያልኩ አይደለም። ይህ ጠባብ ገበያ ነው። በ2000ዎቹ አጋማሽ በአሜሪካና በአውሮፓ ከተሞች ያለ ማርሽ የሚነዳ የትራክ ብስክሌት ፋሽን ሆኖ ነበር፤ ለጃፓን የኬይሪን ውድድር የተሠሩ ፍሬሞችና ሞዞዎች ሳይቀሩ ተወደዱ። ፋሽኑ ሲበርድ ዘግይቶ የገባው ዕቃው እጁ ላይ ቀረ።

አሁን ወደ ደላላው ልመለስ። ሒሳቡን ስሠራው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደላላው አልተሳሳተም። ብስክሌት ተፈትቶ ሲሸጥ ብዙውን ጊዜ ከሙሉው የበለጠ ያወጣል። ሙሉው ቁመቱ የሚስማማ አንድ ሰው ይጠብቃል፤ ማርሽ መቀየሪያው ግን ለብዙ ፍሬም ይሆናል፤ በፖስታም ይሄዳል። እያንዳንዱ ደላላ በየፊናው ይህን ቢያደርግ ትርፉ የታወቀ ነው። ነገር ግን አንድ ብስክሌት በተፈታ ቁጥር በገበያው ላይ መለዋወጫ ይጨመራል፤ መለዋወጫ የሚፈልግ ብስክሌት ደግሞ አንድ ይቀነሳል። አቅርቦት እየጨመሩ ገዢ እየገደሉ መነገድ ነው። በቅሎ ገመዷን በጠሰች፣ በራሷ አሳጠረች የሚባለው ይኸው ነው። ተበትኖ የሄደውን፣ በአንድ ዓመት ከአንድ ፋብሪካ አብሮ የወጣውን ዕቃ መልሶ የሚያሰባስበው የለም።

ፍሬሙ የተሰበረ ወይም ዕቃው አስቀድሞ የተቀላቀለ ከሆነ ይፈታ፤ ክርክር የለኝም። ሙሉውን ግን መፍታት ዘር መብላት ነው ባይ ነኝ። ከዚህም ይበልጥ የሚያሳስበኝ የደላላው ቦታ ነው። በአገራችን ደላላ ማለት ቤትና መኪና ሲያሻሽጥ ዋጋውን ሁለቱም ወገን እየሰማ ኮሚሽኑን የሚቀበል ሰው ነው። ዋጋውን ደብቆ ለራሱ ሲገዛ ግን ነጋዴ ሆኗል፤ ነጋዴነቱን ይናገር። ልኩን ለክቶ፣ ማኅተሙን አንብቦ፣ ውጭ ስንት እንደሚያወጣ ለባለንብረቱ ነግሮ ሲያበቃ ከሽያጩ ላይ ጠቀም ያለ ኮሚሽን ቢጠይቅ ማንም አይከለክለውም። እውቀቱ የሱ ነው፤ ዋጋ አለው። እንዲህ የሠራ ደላላ በሁለተኛው ዓመት ዕቃው እቤቱ ድረስ ይመጣለታል፤ በዚህ ገበያ ደግሞ ዕቃ መሸጥ ቀላል ነው፣ ችግሩ ማግኘቱ ነው።

ኢትዮጵያ በ1956 ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ስትሳተፍ ከላከቻቸው ስፖርተኞች መካከል ብስክሌተኞች ነበሩ። የዚያ ዘመን ብስክሌት በየጓዳው ብዙ ይኖራል ብዬ አልምልም። ያለው ግን ለቆራሌ ከመሄዱ በፊት አንድ ሰው ካሊፐር ይዞ ቢያየው ደግ ነው።

ለአዛውንቱ ይህንኑ በአጭሩ ነገርኳቸው። «እንግዲያው ሁለቱም ይቅሩብኝ» አሉና ብስክሌቱን ወደ ጓዳ አስገቡት። በኋላ ከአንድ ብስክሌት ጠጋኝ ጋር ሆነን ለካነው፤ ቀፎው 36 ሚሊሜትር፣ ጥርሱም ደህና ነው። ማርሽ መቀየሪያው ከቦታው አልተነቃነቀም። የጎደለው የግራው ፔዳል ብቻ ነው። ጠጋኙ ጋ አንድ ተመሳሳይ ፔዳል ተገኝቶ ነበር፤ ሆኖም የቀኝ ሆነ። የግራ ፔዳል ጥርስ ወደ ግራ ስለሚጠብቅ የቀኙ አይገባበትም። የግራው ያለው አንባቢ ካለ አዛውንቱ ዋጋውን ሰምተው ለመክፈል ዝግጁ ናቸው።