የመሪ ዘይትና የባለመኪናው እጅ

መኪና ያለው ሰው የሞተር ዘይቱን ሲለካ፣ ስለ ፍሬን ሲጠይቅ፣ ጎማውን በእግሩ መታ መታ አድርጎ ሲሞክር ዘወትር እናያለን። ስለ መሪ ዘይት የሚጠይቅ ግን እምብዛም አላጋጠመንም። እውነቱን ለመናገር፣ እኛም እስካለፈው ታኅሣሥ ድረስ ከማይጠይቁት ወገን ነበርን። ዛሬ በኮፈን ሥር ተደብቃ ስለምትኖረው ስለዚች ትንሽ የዘይት ዕቃ ለመጻፍ ያነሣሣን መሐል ሜዳ ላይ የደረሰብን ነገር ነው።

መሐል ሜዳን ለማያውቅ አንባቢ፤ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ደብረ ብርሃንን ያለፈ መንገደኛ ጣርማ በር ሲደርስ ዋናው መንገድ በጣልያን ጊዜ በተፈለፈለው ዋሻ ውስጥ ገብቶ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ይወርዳል። ወደ መንዝ የሚሄደው ሰው ግን ወደ ሰሜን ታጥፎ፣ ሞላሌን አልፎ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3 ሺህ ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ከተቆረቆረችው ከመሐል ሜዳ ይገባል። የዚያን አገር የታኅሣሥ ብርድ የቀመሰ ሰው፣ መንዜ ባናውን ከትከሻው ለምን እንደማያወርድ ሁለተኛ አይጠይቅም።

በዚያ የሚኖሩት አጎታችን ለብዙ ዘመን ሒሳብ ያስተማሩ ጡረተኛ ሲሆኑ፣ አንዲት ያረጀች ቶዮታ ኮሮላ አለቻቸው። ማለዳ ውርጩ ገና ከሣሩ ላይ ሳይለቅ ሞተሩን አስነሥተው መሪውን ሲያዞሩት፣ መኪናዋ ሸክም እንደ በዛበት በሬ ታጓራለች። መሪውም እልኸኛ ይሆናል። ፀሐይ ወጥታ ጥቂት ከተነዳች በኋላ ጩኸቱ ይቀንሳል። አጎታችን ኮፈኑን ከፍተው የዘይቱን ዕቃ አሳዩንና «ጎድሏል፤ እስቲ ዘይት አምጣልኝ» አሉን። እኛም ከመኪናዋ ኋላ ያገኘነውን አንድ ጠርሙስ ይዘን ቀረብን።

«ምንድን ነው ይኼ?»

«ዘይት ነዋ፣ ጋሼ።»

«የምን ዘይት? መነጽሬን ቤት ትቼዋለሁ፤ ክዳኑ ላይ የተጻፈውን አንብብልኝ።»

ብናነበው በመሪው ዘይት ዕቃ ክዳን ላይ ዴክስሮን የሚባለውን ዓይነት ብቻ ተጠቀም ይላል። እኛ የያዝነው ደግሞ የፍሬን ዘይት ነበር። ዩኒቨርሲቲ ጨርሰን ከወጣን ገና ሁለት ዓመት አልሞላንም፤ ማንበብም እናውቃለን፤ ነገር ግን ለማንበብ አላሰብንም ነበር። አጎታችን «ዲግሪህ ኮፈን ሥር አይሠራም እንዴ?» ብለው ሳቁብን። ይገባናል።

ነገሩ ከሣቅ በላይ የሆነበትን ምክንያት ከመግለጻችን በፊት፣ ይህ ዘይት ምን እንደሚሠራ በአጭሩ መናገር ያስፈልጋል። በቀድሞዎቹ መኪናዎች የፊት ጎማዎችን የሚያዞረው የሾፌሩ ክንድ ብቻ ነበር። ፍራንሲስ ዴቪስ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በዘይት ግፊት ክንድን የሚያግዝ መሣሪያ ሠርቶ አሳየ። ለሕዝብ በሚሸጥ የቤት አውቶሞቢል ላይ ግን መጀመሪያ የዋለው ክራይስለር ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1951 ባወጣው መኪና ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። ሞተሩ በቺንጋ አማካይነት አንዲት ፓምፕ ያዞራል፤ ፓምፗ ዘይቱን በቱቦ ወደ መሪው ጥርሶች ትገፋዋለች፤ ሾፌሩ መሪውን ወደ ቀኝ ያዘነበለ እንደሆነ ዘይቱ ወደ ቀኝ ያግዘዋል፣ ወደ ግራም ያዘነበለ እንደሆነ እንደዚሁ። መሪው እስከ ዳር ሲጠመዘዝ የዘይቱ ግፊት በጎማ ውስጥ ካለው የአየር ግፊት ከሠላሳ እጥፍ ሊበልጥ ይችላል። ይህን ሁሉ ኀይል ከቱቦውና ከፓምፗ እንዳያመልጥ የሚይዙት ስስ የጎማ ቀለበቶች ናቸው። ከዚህም በላይ ፓምፗን የሚያለሰልሳት ሌላ ዘይት የለም፤ የምትገፋው ዘይት ራሱ ነው።

የፍሬን ዘይት በስሙ ዘይት ይባል እንጂ በተፈጥሮው ከመሪው ዘይት የተለየ ፈሳሽ ነው። በመሪው ውስጥ የገባ እንደሆነ እነዚያን ቀለበቶች ያበላሻል፤ ፓምፗንም እንደሚገባ አያለሰልስም። በአንጻሩ የመሪ ዘይት በፍሬን ውስጥ ቢገባ የፍሬኑ ጎማዎች ያብጡና ፍሬኑ ሊከዳ ይችላል። ስለዚህ በእጃችን የነበረው ጠርሙስ ቀላል ስሕተት አልነበረም። ለአንዳንድ የአውሮፓና የሌሎች አገሮች መኪናዎች ደግሞ ዴክስሮንም አይስማማቸውም፤ የራሳቸው የተለየ ዘይት አላቸው። በመሆኑም ከሻጩም፣ ከጎረቤትም፣ ከእኛም ቃል ይልቅ ክዳኑንና የመኪናውን መጽሐፍ ማመን ይሻላል።

ትክክለኛው ዘይት እስኪመጣ ሁለት ቀን ጠበቅን። በዚህ ጊዜ አጎታችን ያለውን ዘይት በነጭ ጨርቅ ላይ አንድ ጠብታ አድርገው አሳዩን። አዲሱ ዴክስሮን እንደ ቀይ ወይን የጠራ ነው፤ የእሳቸው ግን ከቡና አተላ አይሻልም፤ ሲሸተትም ያረረ ያረረ ይላል። ብዙ ባለሙያዎች ይህ ዘይት 80 ሺህ ኪሎ ሜትር አካባቢ ሲነዳ እንዲቀየር ይመክራሉ። አቧራ በሚበዛበትና ጠመዝማዛ በሆነ መንገድ ላይ ለሚውል መኪና ግን ከዚያ አስቀድሞ ማየት ይገባል። የአጎታችን መኪና ከገዟት ወዲህ አንድም ቀን አልተቀየረላትም።

ሥራው ይህ ነው። መኪናዋን ደልዳላ ቦታ አቆምን፤ የእጅ ፍሬን ያዝን፤ ከጎማዎቹ ሥር ድንጋይ አስገባን፤ ሞተሩን አጠፋን። ክዳኑን ከመክፈታችን በፊት ዙሪያውን በጨርቅ ጠረግን፤ ምክንያቱም ወደ ውስጥ የምትገባ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ፓምፗን ስትፈጭ ትኖራለች። ከዚያም አጎታችን ለዚሁ ሥራ ብቻ የለዩትን፣ ለከብት መርፌ የሚሆን ትልቅ ሲሪንጅ አውጥተው ጫፉ ላይ ቀጭን ቱቦ ሰኩበት። (በግ በሚረባበት አገር እንዲህ ያለ ሲሪንጅ አይጠፋም፤ ዘይት የነካው ግን ወደ እንስሳ ሕክምና ከቶ መመለስ የለበትም።) በእሱ አሮጌውን ዘይት ከዕቃው ቀድተን አወጣን፤ አዲሱን ብርድ ከሚለው ምልክት ድረስ ሞላን። ሞተሩን አስነሥተን መሪውን ከዳር እስከ ዳር ቀስ እያልን ደጋግመን አዞርን። ዳር ላይ ሲደርስ ግን ይዞ ማቆየት አይገባም፤ ያን ጊዜ ግፊቱ ከሁሉ የበረታ ስለሆነ ከአምስት ሰከንድ በላይ የያዘው ሰው ፓምፗን ያሠቃያታል። ሞተሩን አጥፍተን እንደገና ብናይ ዘይቱ ጥቂት ወርዷል፤ ጨመርን። እንደ ጠላ አረፋ የሚያኵረፈርፍ ቢሆን ኖሮ አየር ገብቶበታል ማለት ስለሆነ፣ አረፋው እስኪጠፋ አሳርፎ ማዞሩን መድገም ነበረብን።

በዚህ ተፈጸመ ብለን እጃችንን ልንታጠብ ስንነሣ የሒሳብ መምህሩ አስቆሙን። ዕቃው የሚይዘው ከጠቅላላው ዘይት አንድ ሦስተኛውን ያህል ነው እንበል፤ የቀረው በፓምፗና በቱቦዎቹ ውስጥ ነው። እንግዲህ አንድ ጊዜ ቀድተን ስንሞላ አሮጌው ሁለት ሦስተኛ ይቀራል። ሁለተኛ ስንደግም ከዚያው ሁለት ሦስተኛው ይቀራል። በአራተኛው ላይ አሮጌው ወደ አንድ አምስተኛ ይወርዳል። ስለዚህ በየመካከሉ ጥቂት እየነዱ ሥራውን በአራትና በአምስት ቀን መደጋገም ያሻል። ለትንሽ መኪና ሁለት ሊትር አዲስ ዘይት ይበቃል። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ለማጠብ የሚፈልግ ሰው የመመለሻውን ቱቦ ነቅሎ ያፈስሰዋል፤ ነገር ግን ይህ የፊት ጎማዎችን ማንሣትን ስለሚጠይቅ፣ በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር ገብቶ ነፍስን ከመወራረድ ለባለሙያ መተዉ ይመረጣል።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። የመሪ ዘይት እንደ ነዳጅ ተቃጥሎ የሚያልቅ አይደለም። የጎደለ እንደሆነ በአንድ በኩል እየፈሰሰ ነው። ሞልተነው በወሩ እንደገና ከጎደለ፣ መጨመር ሕመሙን መሸፈን ነውና ወደ መካኒክ መሄድ ግዴታ ነው። ከመሐል ሜዳ ተነሥቶ ወደ ጣርማ በር የሚወጣ ሾፌር፣ ከዚያም ወደ ደብረ ሲና የሚወርድ፣ በግራና በቀኙ ምን እንዳለ ያውቃል። ዘይቱ ያለቀበት መሪ ጨርሶ አይቆለፍም፤ ግን ጠመዝማዛው መካከል ላይ በድንገት እንደ ድንጋይ ይከብዳል። ነዳጅ ለመቆጠብ ብለው ቁልቁለቱን ሞተር አጥፍተው የሚወርዱ ሰዎችም ይህንኑ ክብደት በገዛ እጃቸው ይጠሩታል፤ ሞተሩ ካልዞረ ፓምፗ አትዞርም፤ የፍሬኑም አጋዥ ወዲያው ይደክማል። የሚተርፈው ነዳጅ ስንት ብር ቢሆን ነው?

አዲሶቹ መኪናዎች አብዛኛዎቹ መሪያቸውን በኤሌክትሪክ ስለሚያግዙ ይህ ዘይት የላቸውም። መንግሥትም በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለ ወሰነ፣ ነገሩ ከጊዜ በኋላ ታሪክ ይሆናል የሚል ሰው ይኖራል። ይሁን እንጂ አሮጌዎቹ ኮሮላዎች በአንድ ሌሊት ከመንገድ አይጠፉም። በመንዝ ደግሞ ከሁሉ ኋላ ይጠፋሉ።

የተማርን ነን በምንል ወጣቶች ዘንድ ግን ኮፈኑን እንዳንከፍት የሚያደርገን አለማወቅ ብቻ አይመስለንም። እጅን ዘይት እንዳይነካው የመሸሽ ጠባይ አለን። የመጀመሪያው አውቶሞቢል አዲስ አበባ የገባው በ1900 ዓ.ም. ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ብረት ሠሪውንና ሸማኔውን በሥራው የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ ዐዋጅ ያስነገሩትም በዚያው ዓመት ነው። መኪናውን ተቀበልነው፤ በዐዋጁ ግን ገና እያቅማማን ነን። እኛ ራሳችን በዚያ ቀን መሐል ሜዳ ላይ ነጭ ሸሚዝ ለብሰን ሲሪንጁን በሁለት ጣት ስንይዝ አጎታችን ዐይተው ምንም አላሉም፤ የራሳቸውን አሮጌ ካፖርት አምጥተው ብቻ ሰጡን።

የቀረው የአሮጌው ዘይት ጉዳይ ነው። በአራቱ ጊዜ የወጣው ተጠራቅሞ ከሊትር አለፈ። እኛ አጥሩ ሥር ልናፈስሰው ስንል ሁለተኛ ተገሠጽን። ከመሐል ሜዳ ሩቅ ሳይሆን የመንዝ ጓሳ አለ፤ የመንዝ አባቶች ሣሩን ለዓመታት እየዘጉና በወቅቱ እየከፈቱ በሥርዓት የጠበቁት፣ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት ደጋ ነው። ከዚህ ከፍታ የሚነሣው ውሃ ከፊሉ ወደ ዐባይ፣ ከፊሉ ወደ አዋሽ ይወርዳል። ከመንዝ በላይ ውሃ የሚያወርድልን ማንም የለም፤ እኛ ቦይ ውስጥ የጣልነው ግን ለታችኛው ሁሉ ይደርሳል። ዘይት ከውሃ ጋር አይዋሐድም፤ በላዩ ተንሳፎ አየር ይከለክለዋል። ስለዚህ ክዳን ባለው ጀሪካን ተጠራቅሞ ይቀመጥ። በለስላሳ ጠርሙስ ግን አይቀመጥ፤ ቀይ መልኩ ሕፃን ያታልላል።

ጀሪካኑስ ሲሞላ ወዴት ይወሰድ? አጎታችን ወደ ደብረ ብርሃን የሚወርድ ሰው ሲገኝ የሞተር ዘይት ለሚያጠራቅም ጋራዥ ይልኩታል። ይህ ግን የአንድ ጡረተኛ ትጋት እንጂ ሥርዓት አይደለም። እንደ መሐል ሜዳ ባሉ ከተሞች አስተዳደሩ በአንድ የታወቀ ቦታ፣ ከመናኸሪያው አጠገብ ቢሆን መልካም ነው፣ ክዳን ያለው አንድ በርሜል ቢያኖርና ሲሞላ የሚያነሣውን ሰው ቢወስን ወጪው ከበርሜሉ ዋጋ ብዙም አያልፍም። እኛ ከመሐል ሜዳ ስንመለስ ጀሪካኑ በአጎታችን በረት ጥግ፣ ከበጎቹ ማዶ፣ ተራውን እየጠበቀ ነበር።