ልጅ ያቦካው

የጌዴኦ ዞን ዋና ከተማ በሆነችው በዲላ፣ አንድ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ በእኅቴ ቤት ተቀምጬ ነበር። እኅቴ ከረፋዱ ጀምራ ስትለቅም የዋለችውን ቡና በሁለት ሰፌድ ለይታ አስቀምጣለች፤ በአንደኛው ንጹሑ፣ በሁለተኛው የተሰባበረውና ገለባው ነበረ። ውኃ ልትቀዳ ወደ ጓሮ ብቅ ባለች ጊዜ፣ «ወፌ ቆመች» ከተባለለት ገና ጥቂት ወራት ያለፉት ልጇ ሁለቱንም ሰፌዶች ገለበጣቸው። ቀጥሎም ከተደባለቀው ቡና እፍኝ ሙሉ ዘግኖ፣ ለራት በተዘጋጀው የቆጮ ሊጥ ላይ አንድ በአንድ ይተክል ጀመር። እናቱ ተመልሳ ይህን ስታይ እጁን መታችው፤ እርሱም አለቀሰ። በአጠገባችን የነበሩ አንዲት አሮጊት «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ብለው ቢተርቱ ሁላችንም ሳቅን።

ከሳቁ በኋላ ግን አንድ ጥያቄ በአእምሮዬ ተመላለሰ። ለመሆኑ ይህ ሕፃን ያጠፋው ምንድን ነው? በእኔ አስተያየት ምንም አላጠፋም። ቡና ጠጣር፣ ሊጥ ደግሞ ለስላሳ መሆኑን የሚያስረዳው መጽሐፍ የለውም፤ መጽሐፉ የገዛ እጁ ነው። ዣን ፒያዤ የተባለው ስዊዘርላንዳዊ የሥነ ልቡና ሊቅ የራሱን ልጆች ከሕፃንነታቸው ጀምሮ እየተከታተለ ያየውን ይመዘግብ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1936 በታተመው መጽሐፉም ስለዚሁ ጽፏል። ወንድ ልጁ በአሥር ወሩ የያዘውን ዕቃ ክንዱን በልዩ ልዩ አቅጣጫ እየዘረጋ ይለቅና አወዳደቁን ይመለከት ነበር። አባትየው ይህን እንደ ብልግና ሳይሆን እንደ ምርምር ቆጠረው።

በዚህ ሐሳብ የማይስማሙ፣ «የእናትስ ድካም?» ብለው ይጠይቁ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። የጌዴኦ ገበሬ ቡናንና እንሰትን በዛፍ ጥላ ሥር አጎራብቶ ያበቅላል፤ ባህላዊ መልክዓ ምድሩም እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ይሁን እንጂ እንሰቱ ቆጮ እስኪሆን ድረስ መፋቁም ሆነ መጭመቁ የሚያርፈው በሴቶች ጉልበት ላይ ነው። ስለዚህ የተበላሸ ሊጥ የባከነ ድካም ነው። ነገር ግን የአንድ ዓመት ተኩል ሕፃን የድካምን ዋጋ በዱላ ሊረዳ አይችልም። ሰፌዱን ከፍ ካለ ቦታ ማስቀመጥ ግን ቡናውንም ሊጡንም ልጁንም ያድናል።

የተበላሸው ሊጥ ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል በሆነ ነበር። ቡና የሚፈላበት የከሰል ምድጃ ከወለሉ ብዙም ከፍ ስለማይል ከሕፃኑ እጅ አይርቅም። የሕፃን ቆዳ ከአዋቂ ቆዳ የሳሳ በመሆኑ፣ የፈላ ጀበና ቢገለበጥበት ቃጠሎው ይጠልቃል። በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ የተቀመጠ ላምባ ለእርሱ መጠጥ ነው። አንዲት የቡና ፍሬ እንኳ ወደ አየር ቧንቧው ብትገባ ትንፋሹን ልትዘጋ ትችላለች። ወደ ሊጡ የሳበችው ጉጉት ወደ እሳቱም ትስበዋለች፤ ሁለቱን መለየት የአዋቂው ተግባር ነው።

አደጋ ከደረሰም ድንጋጤ አይጠቅምም። በተቃጠለው ገላ ላይ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ ለ20 ደቂቃ ያህል ማፍሰስ ይገባል እንጂ ቅቤ ወይም የጥርስ ሳሙና መቀባት አይገባም። ላምባ የጠጣውን ልጅ ለማስታወክ መሞከርም ፈሳሹን ወደ ሳንባው ሊያስገባ ስለሚችል ጎጂ ነው። በሁለቱም ጊዜ ሕፃኑን ፈጥኖ ወደ ጤና ጣቢያ ማድረስ ያስፈልጋል።

ይህ ምክር ለእናቶች ብቻ የተሰጠ አይደለም። እናት ወደ ገበያ ስትወጣ ሕፃኑን እንዲጠብቅ የሚታዘዘው ብዙውን ጊዜ እንደ እናንተ ያለ ተማሪ ነው። እንግዲህ ደብተራችሁን ከመግለጣችሁ በፊት ወለሉን ቃኙ፤ የሚያቃጥለውን አርቁ፤ ላምባውን ቆልፉበት፤ በምትኩም የማይጎዳ ነገር ስጡት።

እኅቴ በዚያው ምሽት ቡናውን እንደገና ለቀመች። ልጇም ከአጠገቧ ተቀምጦ በባዶ ጣሳ ውስጥ የእንጨት ማንኪያ እየጣለ ድምፁን ያዳምጥ ነበር። አሮጊቷ እውነታቸውን ነው፤ ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም። ለልጁ ትምህርት ግን ይበቃል።