የመረብ ዘብ ለመሆን ለሚሹ

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ ከጎፋ ገብርኤል እስከ ጀሞ ባሉት ሰፈሮች፣ ኮምፒውተር የተማሩ ወጣቶች የሳይበር ደኅንነት ሙያ ሲነሣባቸው አስቀድሞ በኅሊናቸው የሚሣለው የሌላውን ቁልፍ የመስበር ጥበብ መሆኑን፣ ከዚህም የተነሣ ብዙዎቹ ትምህርታቸውን ከማጥቂያ መሣሪያዎች እንደሚጀምሩ፣ ከእነርሱ ጋር ጥቂት የተጨዋወተ ሰው ሁሉ ይገነዘበዋል። ምኞቱ አይነቀፍም፤ የወጣትነት ጠባይ ነውና። ነገር ግን በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 ያለ ፈቃድ ወደ ሌላው ሥርዓት መግባትን፣ ምንም ባይሰረቅበት እንኳ፣ የሚያስቀጣ መሆኑን ለጊዜው ብንተወው፣ ሀገሪቱ ዛሬ የሚጎድላት ሰባሪ ሳይሆን ጠባቂ መሆኑን የሚያስረዳ ምስክር ሩቅ ሳንሄድ እናገኛለን።

መጋቢት 6 ለ7 አጥቢያ 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች በሒሳባቸው ከነበረው በላይ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ መቻላቸው ሲሰማ፣ ወሬው በየዩኒቨርሲቲው ማደሪያ ተዛምቶ ተማሪው በኤቲኤም ደጃፍ ተሰለፈ። ባንኩ ኋላ እንዳስታወቀው 801 ሚሊዮን ብር ገደማ ያለ አግባብ ወጣ፤ አብዛኛው ግን በልመናም፣ በማስጠንቀቂያም፣ ያልመለሱትን ሰዎች ስምና ፎቶግራፍ በየቅርንጫፉ በመለጠፍም ተመለሰ። ባንኩ ነገሩ የሳይበር ጥቃት አለመሆኑን፣ ብሔራዊ ባንክም ችግሩ ከተለመደ የሥርዓት ማሻሻያና ፍተሻ ሥራ ጋር የተያያዘ መሆኑን ገለጹ። እንግዲህ ጠላት ሳይገባ፣ ቁልፍም ሳይሰበር፣ ይህን ያህል ገንዘብ በአንድ ሌሊት ወጣ ማለት ነው። ለእንዲህ ያለው ሌሊት የሚያስፈልገው ሰው፣ ለውጡ ከመጫኑ በፊት «ማን ፈተሸው? ቢበላሽስ ወደ ቀድሞው የምንመልሰው በምን መንገድ ነው?» እያለ የሚጨቀጭቅ፣ ከተጫነም በኋላ ወጪው ከወትሮው ሲያሻቅብ ባየ ጊዜ አለቃውን ከእንቅልፉ ለመቀስቀስ የማያፍር ሠራተኛ ነው።

ይህ ሠራተኛ የሚበቅለው ከትንሽ ሥራ ነው። የሥርዓቱን መዝገብ፣ በባለሙያዎቹ አነጋገር ሎጉን፣ እንዲያነብ የተመደበ ጀማሪ ቀኑን ሙሉ የሚያየው ፊደልና ቁጥር የሞላበት መስመር ነው፦ አንድ የተጠቃሚ ስም ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ የይለፍ ቃል ተሳሳተ፤ እንደገና ተሳሳተ፤ አሁንም ተሳሳተ፤ በመጨረሻ ገባ። ይህ የረሳ ሠራተኛ ይሁን ወይስ የሚገምት ሌባ ለመለየት የቢሮውን ልማድ፣ የተረኛውን ማንነት፣ የኔትወርኩን አቀማመጥ ማወቅ ግድ ይላል። አባቶቻችን ከንባብ ቤት ሳይወጣ ቅኔ ቤት ልግባ የሚለውን ደቀ መዝሙር እንደማይቀበሉ ሁሉ፣ አድራሻና ፖርት ምን እንደ ሆኑ፣ ሊኑክስም ፈቃድን ለማን እንዴት እንደሚሰጥ ሳያውቅ ወደ ማጥቂያው የሚዘለው ወጣት መሣሪያውን ይነካዋል እንጂ ሙያውን አያገኘውም። ደግሞም ሙያው ከማሽን ጋር ብቻ አይደለም፤ ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ በቄራ አካባቢ የምትነግድ እናት «እናቴ፣ ሽልማት ደርሶዎታል፤ አሁን በስልክዎ የገባውን ቁጥር ይንገሩኝ» የሚል አንደበተ ርቱዕ ቢደውልላት፣ ከማናቸውም መሣሪያ ይልቅ የሚያድናት አስቀድሞ በሚገባት ቋንቋ ያስረዳት ሰው ነው።

ስለ ምስክር ወረቀት ብዙ ይወራል፤ እኔ ብዙ አልልም። የሲስኮ ሲሲኤንኤ ፈተና ዋጋው 300 ዶላር ሲሆን፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በብር ሲመነዘር ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ፈተናው ቢዘገይም ትምህርቱ አይዘግይ፤ ከሲስኮ ኔትወርኪንግ አካዳሚ ትምህርቶች በነጻ የሚሰጡ አሉ፤ በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደርም በክረምት ወራት ተሰጥኦ ያላቸውን ታዳጊዎች መርጦ ያሠለጥናል።

ወቀሳዬ ከወጣቱ ይልቅ በቀጣሪው ላይ ይበረታል። ለጀማሪ መደብ የአራትና የአምስት ዓመት ልምድ የሚጠይቅ ማስታወቂያ የሚያወጣ መሥሪያ ቤት፣ ልምዱን ሌላ ሰው እንዲያስተምርለት ይጠብቃል፤ ያ ሌላው ደግሞ እርሱን ይጠብቃል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የሰዎችን መረጃ የያዘ ሁሉ እንዲጠብቀው ካስገደደ በኋላ ይህ መጠባበቅ የሚያዋጣ አይደለም። እያንዳንዱ ባንክ እንደ ንፋስ ስልክ ፖሊ ቴክኒክ ካሉት ኮሌጆች በየዓመቱ ሁለት ሁለት ተለማማጅ ይውሰድ፤ በመጀመሪያው ዓመት ምንም ሳይነኩ ከሌሊት ተረኛው አጠገብ ተቀምጠው ሎግ ያንብቡ፤ ሲነጋ ያዩትን በአንድ ገጽ ጽፈው ለኃላፊው ያቅርቡ፤ ኃላፊውም አርሞ ይመልስላቸው። ጥቂት ዓመታት ካለፉ በኋላ ማስታወቂያው የሚፈልገው ሰው እዚያው ቤት ውስጥ ተገኘ ማለት ነው።