ካክተስ ሚቲካል የሆነበት ገበያ

«ግሮው ኤ ጋርደን» በተባለው የሮብሎክስ የእርሻ ጨዋታ ውስጥ የካሮት ዘር 10 ሼክል (የጨዋታው ገንዘብ) ያወጣል። ካክተስ 15,000 ሼክል ነው፤ እርከኑም «ሚቲካል»። ይህን ለመቀሌ ሰው ቢነግሩት ይስቃል። እዚህ የካክተስ ወገን የሆነው በለስ አጥር ነው፣ የከብት መኖ ነው፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ልጆች በባልዲ ይዘው መንገድ ዳር የሚቸበችቡት ፍሬ ነው። ሻጩ ሁለቱን ጫፍ በቢላ ቆርጦ፣ ልጣጩን ከላይ እስከ ታች ሰንጥቆ ይገልጥና ገዢው እሾኩን ሳይነካ ውስጡን ብቻ መዞ ይጎርሳል። ሲበዛ ሆድ ማድረቁን የማያውቅ እንግዳ ብቻ ነው።

ጨዋታው በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ወጥቶ፣ ሰኔ ላይ በአንድ ጊዜ ከ16 ሚሊዮን በላይ ተጫዋች ገብቶበታል። የዘር ሱቁ በየ5 ደቂቃው ሸቀጡን ይቀይራል። ኮመን የሚባሉት ካሮትና እንጆሪ አይጠፉም። ከዚያ አንኮመን፣ ሬር፣ ሌጀንደሪ፣ ሚቲካል፣ ዲቫይን፣ ፕሪዝማቲክ እያለ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ዘሩ መደርደሪያ ላይ የመታየት ዕድሉ እየመነመነ ይሄዳል።

ጀማሪ የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። እርከኑ የሚናገረው ዘሩ ሱቅ ውስጥ ስለመገኘቱ እንጂ ስለሚያስገኘው ትርፍ አይደለም። ሌጀንደሪው ቀርከሃ በ4,000 ሼክል ተገዝቶ አንዴ ከታጨደ አለቀ፤ የ50 ሼክሏ እንጆሪ ግን ደጋግማ ታፈራለች።

ሌላም ነገር አለ። ሱቁ «አልቋል» ያለውን ዘር በእውነተኛ ገንዘብ በሚገዛው ሮባክስ ወዲያው ማግኘት ይቻላል። እጥረቱን የፈጠረው ድርቅ ወይም ተባይ ሳይሆን ፕሮግራመሩ የጻፈው ቁጥር ነው፤ ትዕግሥት ያጣ ልጅ የሚከፍለውም ለዚያ ቁጥር ነው። ለዚህ ጸሐፊ ይህ ከእርሻ ይልቅ ለሎተሪ ይቀርባል።

የመቀሌ ገበያ የራሱ እርከን አለው፤ መነሻው ግን ሌላ ነው። የትግራይ ነጭ ማር የሚወደደው ንቧ ከክረምቱ ዝናብ በኋላ የሚያብበውን ጠበብ የተባለ ተክል ስለምትቀስም ነው። ዝናቡ ካጠረ አበባው ይሳሳል፣ ማሩም ያንሳል። ያን ጊዜ የጎደለውን የሚሞላ ሮባክስ የለም።

በለስም ቢሆን ሁልጊዜ ተራ አይደለም። ተክሉ ራሱ ከሜክሲኮ የመጣ እንግዳ ነው። ኮቺኒል የምትባለው ተባይ ደግሞ ለቀይ ማቅለሚያ ምርት ተብላ ወደ ትግራይ ገባች፤ ከዚያ ከቁጥጥር ወጥታ በደቡብ ትግራይ፣ በተለይ በራያ አካባቢ፣ ብዙ በለስ አደረቀች። ክረምቱን በፍሬው፣ በጋውን በቅጠሉ ከብት እየቀለበ ለሚያሳልፍ ገበሬ ይህ ከባድ ኪሳራ ነው።

ልጆች አይጫወቱ የሚል የለም። ብርቅ ነገር እንዴት እንደሚፈጠር ለማስረዳት እንዲያውም ጨዋታው ጥሩ አጋጣሚ ነው። ለልጁ ሮባክስ የሚሞላ ወላጅ ግን ከመክፈሉ በፊት አንድ ጥያቄ ይጠይቀው፦ ይህ ዘር ደጋግሞ ያፈራል ወይስ አንዴ ታጭዶ ያልቃል? ልጁ መልሱን ካላወቀ፣ ክፍያው ሱቁ እንደገና እስኪሞላ 5 ደቂቃ ቢቆይ የሚጎዳ ነገር የለም።