አርጃኖ ምን በደለን?

ዛሬ የማነሣላችሁ ጉዳይ ለአንዳንዶቻችሁ የሚያስቅ ሊሆን ይችላል። ስለ አርጃኖ ነው። «ምን ሥራ አጣህ!» የሚለኝ እንደማይጠፋም አውቃለሁ። ሆኖም ነገሩ የእኛን የዕጩ መምህራንን አንደበት የሚነካ ስለሆነ እስከ መጨረሻው እንድታነቡልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

እኔ ያደግሁት በከምባታ ደጋ፣ በዱራሜ አካባቢ ነው። በሐምበሪቾ ተራራ ሥር እንሰትና ገብስ እንጂ አርጃኖ አይቼ አላውቅም። ስለ እርሱ የማውቀው ሁሉ ከሰው አፍ የሰማሁት ነበር። «የላም ጡት ይጠባል፤ በጅራቱ የመታው ሰው አይድንም፤ ከእባብ የባሰ መርዝ አለው» ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ይህንኑ ወሬ ሳላገላብጥ እንደያዝሁ ለማስተማር ልምምድ ተመደብሁ። የተመደብሁባት ትንሽ ትምህርት ቤት ከሆሳዕና በስተምዕራብ፣ ወደ ግቤ ወንዝ በሚወርደው ቆላ የምትገኝ ናት።

የደረሰኝ አራተኛ ክፍል ሲሆን ትምህርቱም የአካባቢ ሳይንስ ነበር። አንድ ሐሙስ ቀን ከእረፍት መልስ አራት ልጆች አንድ የሞተ አርጃኖ በእንጨት አንጠልጥለው መጡ። ከትምህርት ቤቱ በታች ካለው ወንዝ ዳር በድንጋይ ቀጥቅጠው የገደሉት ነው። ስንለካው ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ ጫፍ አንድ ሜትር ከስልሳ ሆነ። እኔም «ጎበዞች!» ብዬ አስጨበጨብሁላቸው። ቀጥዬም በልጅነቴ የሰማሁትን ሁሉ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እያልሁ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጻፍሁ። ልጆቹም በደብተራቸው ገለበጡ።

ትምህርት ሲያበቃ ጋሼ እያልን የምንጠራቸው የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ቢላዋቸውን አምጥተው የእንስሳውን ሆድ ቀደዱት። ልጆቹ ከበው ያያሉ። ከሆዱ የወጣው የተሰባበረ የሸርጣን ቅርፊት፣ የቀንድ አውጣ ስብርባሪና የአንበጣ እግር ነበር። ወደ ውስጥ ገባ ሲሉ ደግሞ ተደርድረው የተቀመጡ ነጫጭ እንቁላሎች ተገኙ፤ ቆጠርናቸው፤ 24 ናቸው። ይህን ጊዜ ከፊት የቆመ አንድ ትንሽ ልጅ ቀና ብሎ አየኝና «ቲቸር፣ ወተቱስ የታለ?» አለኝ።

ዝም ብል ይሻለኝ ነበር። እኔ ግን «ወተት ቶሎ ስለሚፈጭ አይታይም» ብዬ መለስሁለት። ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ይህን መልስ ከየትም አላነበብሁትም፤ እዚያው በቆምሁበት የፈጠርሁት ነው። ልጁ ማስረጃውን ፊቱ አስቀምጦ ጠየቀኝ፤ እኔ መምህርነቴን ተማምኜ ዋሸሁት።

ነገሩ ሲከነክነኝ አደረ። ማግስቱ ዓርብ የልምምዱ የመጨረሻ ቀን ነበር። ለማረም አስቤ አንድ ጓደኛዬን ባማክረው «ተው አንተ! ገምጋሚው በተቀመጠበት ተሳስቻለሁ ብትል ነጥብህ ይወርዳል፤ ልጆቹም ይንቁሃል» አለኝ። ምክሩን ሰማሁ። ሃምሳ ሁለት ልጆችም ስሕተቴን በደብተራቸው እንደያዙ ቀሩ።

ወደዚህ ከተመለስሁ በኋላ ቤተ መጻሕፍት ገብቼ አነበብሁ፤ መምህራንንም ጠየቅሁ። ያገኘሁት እነሆ።

ያ እንስሳ የናይል አርጃኖ የሚባለው ሲሆን በሳይንስ ስሙ ቫራነስ ናይሎቲከስ ይባላል። ከእንሽላሊቶች ወገን የሆነ ተሳቢ እንስሳ ነው። ትልቁ ከሁለት ሜትር ሊያልፍ ይችላል፤ ከዚህም ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ጅራት ነው። ጅራቱ ከግራና ከቀኝ ጠፍጠፍ ያለ ስለሆነ በውሃ ውስጥ እንደ መቅዘፊያ ያገለግለዋል። ሲጨንቀው ደግሞ እንደ ጅራፍ ይገርፍበታል፤ ያማል እንጂ አይገድልም። መንታ ምላሱን ወጣ ገባ የሚያደርገውም ለማሽተት ነው። ሽታውን ከአየር ለቅሞ ላንቃው ላይ ወዳለው የማሽተቻ አካል ያደርስበታል።

ታዲያ እንዲህ ያለ እንስሳ ጡት ይጠባል ወይ? ለመጥባት እንደ ጥጃ ለስላሳ ከንፈርና ጉንጭ ያስፈልጋል። አርጃኖ ያለው ደረቅ አፍ፣ ቀጭን ምላስና ስለታም ጥፍር ነው። እንኳን ላም፣ ድንጋይም ቢሆን ቆሞ አያጠባውም! የላም ወተት የሚጎድለው መኖ ሲያንሳት ወይም ጡቷ ሲታመም ነው። እኛ አርጃኖን ስንከስ የታመመችው ላም ሳትታከም ትቀራለች። እንግዲህ ወሬው የሚጎዳው አርጃኖን ብቻ እንዳልሆነ ልብ በሉ።

ስለ መርዙም እውነቱን እንናገር። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ አንድ ጥናት የአርጃኖ ዘመዶች በአፋቸው ውስጥ መርዝ አመንጪ ዕጢ እንዳላቸው አመልክቷል። ይሁን እንጂ የናይል አርጃኖ እንደ እባብ ሰውን በመርዝ የሚገድል አይደለም። ከያዙት ግን ክፉኛ ይነክሳል፤ ይቧጭራልም። ቁስሉም ሊያመረቅዝ ይችላል። ስለዚህ ልጆችን «አትያዙት፤ ከነከሳችሁም በሳሙና ታጥባችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ» ማለት ይበቃል።

ምግቡ እኛም በዓይናችን እንዳየነው ሸርጣን፣ ቀንድ አውጣና ነፍሳት ነው። ዓሣ፣ እንቁራሪት፣ አይጥና ጥንብም ይበላል። ወጣቱ አርጃኖ ጥርሱ ስለታም ነው፤ ሲያረጅ ግን ደንደን ያለ ደብዛዛ ጥርስ ያወጣና የቀንድ አውጣን ቅርፊት ይፈጭበታል። የአዞ እንቁላል ቆፍረው ከሚበሉት እንስሳትም ዋነኛው እርሱ ነው። ግቤያችን ቁልቁል ኦሞ እየተባለ ሲወርድ አዞ እንደሚበዛበት ለሚያውቅ ሰው ይህ ቀላል አገልግሎት አይመስለኝም።

ከሁሉ የገረመኝ የእንቁላሉ ነገር ነው። እናቲቱ ዝናብ ያለሰለሰውን የምስጥ ኩይሳ በጥፍሯ ቆፍራ እስከ 60 የሚደርስ እንቁላል ትጥልና ትሄዳለች። ምስጦቹም ቤታቸው የፈረሰባቸው ናቸውና ቀዳዳውን መልሰው ይደፍኑታል። ከዚያ በኋላ ኩይሳው ሙቀቱና እርጥበቱ ሳይለዋወጥ እንቁላሉን ለወራት ያቆይላታል። ዝናብ ተመልሶ አፈሩን ሲያለሰልሰው ልጆቹ ቆፍረው ይወጣሉ። እነዚያ 24 እንቁላሎችም እኔ ባስጨበጨብሁበት ቀን ኩይሳ ሳይደርሱ ቀሩ።

«አንተ ዕጩ መምህር ነህና ብትሳሳት አይፈረድብህም» የሚለኝ ይኖር ይሆናል። ሊቃውንቱም ተሳስተዋል። ቫራነስ የሚለው ስም የመጣው ወረል ከሚለው የዐረብኛ ቃል ነው። አውሮፓውያን ግን «ማስጠንቀቅ» ከሚል የራሳቸው ቃል ጋር አምታትተውት እንስሳውን «አስጠንቃቂ» ለማለት ሞኒተር አሉት። በመካከለኛውና በምዕራብ አፍሪካ ጫካዎች የሚኖረውን አርጃኖም እ.ኤ.አ. በ1997 ጀርባው ላይ ያሉትን የነጠብጣብ ረድፎችና ሌሎች ምልክቶቹን አይተው «ራሱን የቻለ ዝርያ ነው» ብለው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ የዘረመል ጥናት ግን በዚያ አከፋፈል ሳይስማማ ቀረ። ከሌላው በግልጽ የተለየው የምዕራብ አፍሪካው እንደሆነ አሳየ። ይህንንም በአደባባይ ጽፈው አወጡት፤ ማንም አልናቃቸውም። እነርሱ ያረሙትን ያህል እኔ በአንድ ክፍል ውስጥ ማረም ለምን አቃተኝ?

በሌላ በኩል አርጃኖ ቅዱስ ነው እያልሁ አይደለም። ጫጩትና እንቁላል ይሰርቃል። በወንዝ ዳር የሚኖሩ እናቶች ምሬት እውነት ነው። መድኃኒቱ ግን የዶሮውን ቤት በደንብ መዝጋትና እንቁላሉን ቶሎ ቶሎ ማንሣት ነው። አንዱን ብንገድል ወንዙ ዳር ሌላ አለና። ከዚህም በላይ በብዙ የአፍሪካ አገሮች አርጃኖ ለጫማና ለቦርሳ ቆዳው ሲባል በገፍ ሲታደን ስለኖረ ንግዱ በዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ይደረግበታል። ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ1989 የዚህ ስምምነት አባል ሆናለች።

በመሆኑም የእኔ አስተያየት የሚከተለው ነው። አንደኛ፣ የአካባቢ ሳይንስ የምናስተምር ሰዎች ስለ ሩቅ አገር እንስሳ ሥዕል ከመስቀላችን በፊት ከትምህርት ቤቱ በታች ባለው ወንዝ ምን እንዳለ እንይ። ሁለተኛ፣ ልጅ እንስሳ ገድሎ ሲመጣ አናስጨብጭብለት። ሦስተኛ፣ ያላወቅነውን «አላውቀውም፤ አይቼ እነግራችኋለሁ» እንበል፤ የተሳሳትነውንም በዚያው ሰሌዳ ላይ እናርም። ገምጋሚ መምህራኖቻችንንም አንድ ነገር እለምናለሁ፤ ስሕተቱን በክፍል ውስጥ ለሚያርም ሠልጣኝ ነጥብ ጨምሩለት እንጂ አትቀንሱበት።

እኔ በበኩሌ ለአራተኛ ክፍል ልጆች ደብዳቤ ጽፌ ለክፍሉ መምህር ልኬአለሁ። ደብዳቤው የሚጀምረው «ያ ወተት ያልታየው መጀመሪያም ስላልነበረ ነው፤ የጠየቀው ልጅ ትክክል ነበር» በማለት ነው።

ከዚህ ጽሑፍ በታች አንድ ባዶ ወረቀት ለጥፌአለሁ። ከሀዲያም፣ ከከምባታም፣ ከሌላም አካባቢ የመጣችሁ ሁሉ አርጃኖ በእናት ቋንቋችሁ ምን እንደሚባልና በሰፈራችሁ ምን እንደሚወራበት ጻፉበት። ያየነውን ከሰማነው ለይተን ለሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን። እስክሪብቶው በክር ታስሯል፤ እባካችሁ ይዛችሁት እንዳትሄዱ።